ያለ ባትሪ የሚሠራ የእጅ አንጓ ሙቀት መለኪያ፦ ኃይሉን ከስልክ ኤንኤፍሲ የመውሰድ ዝርዝር መመሪያ

«ኮይሉን ጠመጠምኩ፣ ቺፑን በየድኩ፣ ስልኩን አስጠጋሁ፤ ጭጭ!»

ጎንደር ውስጥ ባትሪ የሌለው ሴንሰር ለመሥራት ከሚሞክሩ ተማሪዎች ደጋግሜ የምሰማው ይህን ነው። ጥፋተኛው ሁልጊዜ ቺፑ ይባላል። ቺፑ ግን አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው። ኮይሉ ጠረጴዛ ላይ ተስተካክሎ ክንድ ላይ ይታሰራል፤ ክንድ ላይ ሲወጣ ማስተካከያው ይዛባል። ወይም ቺፑ ኃይል እንዲያወጣ ሳይታዘዝ ኃይል ይጠበቅበታል። ይህ መመሪያ በዋናነት ለእነዚህ ሁለት ጣጣዎች የተጻፈ ነው። ሌላውን ቶሎ ቶሎ እናልፈዋለን።

የምንሠራው የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር የገላ ሙቀት መለኪያ ነው። ስልክ ስታስጠጉበት ይነሳል፣ ይለካል፣ ቁጥሩን ስልኩ ላይ ያሳያል። ስልኩ ሲርቅ ይሞታል። ሌሊቱን ሙሉ እየለካ የሚያድር ነገር የምትፈልጉ ከሆነ ይህ አይሆናችሁም።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ዋይፋዩንና ታወሩን እርሱት

«አየር ላይ ያለውን የዋይፋይ ኃይል ለምን አንሰበስብም?» የሚል አይጠፋም። ስሌቱን እዩት። 100 ሚሊዋት የሚለቅ ራውተር 3 ሜትር ርቀት ላይ ላለች ተራ አንቴና የሚያደርሰው 1 ማይክሮዋት ገደማ ነው። የእኛ ሰርኪዩት ሲለካና ሲጽፍ ከ1 እስከ 3 ሚሊዋት ይፈልጋል። ከሺህ እጥፍ በላይ ልዩነት ነው። ያቺም 1 ማይክሮዋት ብትሆን፣ ሞገዱን ወደ ቀጥተኛ ጅረት የሚቀይረውን ዳዮድ ስታልፍ አብዛኛዋ ትጠፋለች።

በ915 ሜጋኸርዝ ኃይል የሚረጩ ዝግጁ ኪቶችም ይሸጣሉ። አትግዙ። ከ902 እስከ 928 ሜጋኸርዝ ያለው ባንድ አሜሪካ ውስጥ ነፃ ነው። እኛ ጋ ግን የታችኛው ክፍሉ ስልኮች ወደ ታወር ከሚልኩበት ከ890 እስከ 915 ሜጋኸርዝ ካለው ባንድ ጋር ይደራረባል። ያለ ኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ እንዲህ ያለ ማሠራጫ መክፈት የጎረቤትን ኔትወርክ መረበሽ ብቻ ሳይሆን ሕግም ያስጠይቃል።

ኤንኤፍሲ፣ ማለትም ስልክ በጣም ከቀረቡት ካርዶችና ቺፖች ጋር ያለ ሽቦ የሚነጋገርበት መንገድ፣ በ13.56 ሜጋኸርዝ ይሠራል። ኃይሉ የሚተላለፈው በቅርብ መግነጢሳዊ መስክ ነው፤ ከስልኩ ኮይል ወደ እናንተ ኮይል። ርቀቱ ከ2 ሴንቲሜትር ብዙም አያልፍም፤ በምትኩ ግን ሚሊዋቶች ይገኛሉ።

ደረጃ 1፦ ዕቃውን አሟሉ

- ኤስቲ25ዲቪ04ኬ ቺፕ፣ ባለ 8 እግሩ ኤስኦ8። ከስልኩ ኃይል የሚቀበለውና ልኬቱን የሚይዘው የኤንኤፍሲ ሜሞሪ ይህ ነው። ሁለት እዘዙ፤ አንዱ ብየዳ ላይ ሊበላሽ ይችላል። ጠባብ እግሩን ወደ ሰፊ የሚቀይር ትንሽ ቦርድም ጨምሩ።
- ኤቲታይኒ85ቪ፤ ሙቀቱን ለክቶ የሚጽፈው፣ ፕሮግራም የሚገባለት ትንሽ ቺፕ (ማይክሮኮንትሮለር)። መጨረሻ ላይ ያለችው «ቪ» ግዴታ ናት። እሷ ያለችበት ከ1.8 ቮልት ጀምሮ ይሠራል፤ የሌለችበት ከ2.7 ቮልት በታች አይሠራም።
- 10 ኪሎኦም ኤንቲሲ ቴርሚስተር (ሲሞቅ ኦሙ የሚቀንስ ሬዚስተር)፣ ቤታው 3950።
- አራት ባለ 10 ኪሎኦም እና አንድ ባለ 3.3 ኪሎኦም ሬዚስተር።
- 10 ማይክሮፋራድ ሴራሚክ ካፓሲተር እና 100 ናኖፋራድ።
- ከ5 እስከ 30 ፒኮፋራድ የሚስተካከል ትሪመር ካፓሲተር።
- 0.3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቫርኒሽ የተቀባ የመዳብ ሽቦ፣ 1 ሜትር።
- አርዱዊኖ ኡኖ፣ አርሲ522 የሚባለው ርካሽ የካርድ ማንበቢያ ቦርድ እና ቴስተር።
- የቆዳ ማሰሪያ፣ ቀጭን ስፖንጅ፣ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም፣ ስቴኪኒ።

ሽቦውን የሞተር ጥቅለላ የሚሠሩ ቤቶች ጠይቁ፤ 1 ሜትር ትርፍራፊ ለማንም አይከብድም። ሬዚስተርና ካፓሲተር ፒያሳ አካባቢ ካሉት የሬዲዮና የስልክ ጥገና ቤቶች ይገኛል። ኤስቲ25ዲቪውን ግን አዲስ አበባ ማፈላለግ ወይም ከውጭ ማስመጣት ይኖርባችኋል። ማሰሪያውን ጫማ ሰፊ ይቆርጥላችኋል።

ስልኩን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ርካሽ አንድሮይድ ስልኮች ብዙዎቹ ኤንኤፍሲ የላቸውም። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ «ኤንኤፍሲ» ብላችሁ ፈልጉ። ካልመጣ የለውም፤ አፕ ማውረድ አያመጣውም።

የቴስተራችሁን ባትሪም ቀይሩ። ባትሪው የደከመ ዲጂታል ቴስተር ቮልቱን ከፍ አድርጎ ያሳያል። እናንተ ደግሞ በቮልት ላይ ነው ሙሉ ቀን የምትውሉት።

ደረጃ 2፦ ኤቲታይኒውን ለብቻው ፕሮግራም አድርጉ

ይህን መጨረሻ ላይ አታድርጉት። የፕሮግራም ማስገቢያ እግሮቹና ከኤስቲ25ዲቪ ጋር የሚነጋገርባቸው እግሮች አንድ ናቸው። ከተበየደ በኋላ ማስገባት ራስ ምታት ነው።

1. ኤቲታይኒውን ብሬድቦርድ ላይ አድርጉ። አርዱዊኖውን እንደ ፕሮግራመር ተጠቀሙበት።
2. ፍጥነቱን 1 ሜጋኸርዝ ላይ ተዉት። ከፋብሪካ የሚመጣው እንዲያ ነው። 8 ሜጋኸርዝ ብታደርጉት የማይገኝ ኃይል ይጠይቃል።
3. ቢኦዲ የሚለውን ምርጫ (ቮልት ሲያንስ ቺፑን የሚያቆመውን) 1.8 ቮልት አድርጉ። ይህ ባይኖር ቮልቱ ሲወርድ ቺፑ እንደ ሰከረ ሰው የማይሆን ነገር ሜሞሪ ላይ ይጽፋል።
4. ፕሮግራሙ በዚህ ቅደም ተከተል ይሂድ፦ ተነስቶ 100 ሚሊሰከንድ ምንም ሳይሠራ ይጠብቅ። እግር 2ን ከፍ አድርጎ ቴርሚስተሩን ያብራ። እግር 3 ላይ 8 ጊዜ ለክቶ አማካዩን ይያዝ። እግር 2ን ያጥፋ። ከኤስቲ25ዲቪው የቀድሞውን ተራ ቁጥር አንብቦ 1 ይደምርበት። ተራ ቁጥሩንና ልኬቱን ይጻፍ። ለ2 ሰከንድ ይተኛ። እንደገና ይጀምር።

አንባቢዎች በብዛት የሚወድቁበት ቦታ የአድራሻው ጉዳይ ነው። የኤስቲ25ዲቪው አድራሻ በሄክስ (በ16 መሠረት ቁጥር) 53 ነው። ከዚያ ቀጥሎ የሚላከው የሜሞሪ አድራሻ ሁለት ባይት ነው፤ አንድ አይደለም። ለሌላ ትንሽ ኢኢፕሮም (የሜሞሪ ቺፕ) ከተጻፈ የተቀዳ ኮድ አንድ ባይት ብቻ ይልካል። ያኔ ዳታው የትም ይገባል።

የመጀመሪያውን ብሎክ አትንኩት። ከባይት 32 ጀምራችሁ ጻፉ፤ ስልኩ ላይ ብሎክ 8 ሆኖ ይነበባል፤ እያንዳንዱ ብሎክ 4 ባይት ነውና።

ስልኩ እያናገረው ሳለ ቺፑ ለኤቲታይኒው መልስ አይሰጥም። ይህ ብልሽት አይደለም። ኮዱ 5 ሚሊሰከንድ እየጠበቀ እስከ 20 ጊዜ ይሞክር።

ደረጃ 3፦ ኮይሉን ጠምጥሙ

ኮይሉ እንደ አምባር አንጓውን አይዞርም። ብዙ ሰው እንዲህ ያደርግና ከስልኩ መስክ ጋር ጎን ለጎን ይሆንበታል፤ ምንም አይገባም። ኮይሉ እንደ ሰዓት ፊት አንጓው ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ ይተኛ።

1. ውጫዊ ስፋቱ 40 ሚሊሜትር የሆነ የፕላስቲክ የውኃ ቱቦ ቁራጭ ውሰዱ።
2. ሽቦውን 6 ዙር ጠምጥሙ። ዙሮቹ ተጠጋግተው አንድ ጥቅል ይሁኑ።
3. ሳይፈታ አውጡትና አራት ቦታ ላይ በክር እሰሩት።
4. ሁለቱን ጫፎች 3 ሴንቲሜትር አስቀሩና ቫርኒሹን በብርጭቆ ወረቀት ፋቁ። መዳቡ ሮዝ ሆኖ እስኪታይ ድረስ።
5. በቴስተር ለኩ። ከ1 ኦም በታች መሆን አለበት። ቁጥሩ ከፍ ካለ ወይም ከዘለለ ቫርኒሹ አልተፋቀም።

ለምን 6? ኮይሉና ካፓሲተሩ ተጣምረው ከስልኩ 13.56 ሜጋኸርዝ ጋር መገጣጠም አለባቸው፤ «ልክ» የምለው ይህን ነው። ቺፑ ውስጡ 28.5 ፒኮፋራድ ካፓሲተር አለው። በዚያ ብቻ 13.56 ሜጋኸርዝ ላይ ለመድረስ 4.83 ማይክሮሄንሪ ኮይል ያስፈልጋል፤ ይህ በዚህ ስፋት ወደ 7 ዙር ይጠጋል። በእጅ የተጠመጠመ ኮይል ግን በትክክል ያንን አይመታም። ስለዚህ አንድ ዙር ቀንሰን ጉድለቱን በትሪመር እንሞላዋለን። 6 ዙር 3.5 ማይክሮሄንሪ አካባቢ ይሰጣል። ሽቦው ራሱ ከሚጨምራት ጥቂት ፒኮፋራድ ሌላ የቀረውን ትሪመሩ ይችለዋል።

ደረጃ 4፦ ቺፑን አስገቡ፣ ኃይል እንዲያወጣ እዘዙት

በዚህ ደረጃ ኤቲታይኒውን አታምጡት። ቺፕ፣ ኮይል፣ ትሪመር፤ በቃ።

1. ኮይሉን ከኤስቲ25ዲቪው እግር 2 እና እግር 3 ጋር በይዱ። የትኛው ጫፍ የት ቢሄድ ለውጥ የለውም።
2. ትሪመሩን በነዚሁ ሁለት እግሮች ላይ አጋድሙት።
3. ስልኩ ላይ ኤስቲ25 ኤንኤፍሲ ታፕ የሚባለውን አፕ ጫኑ። ስክሪኑ መብራትና መከፈት አለበት፤ ስልኩ ሲቆለፍ ኤንኤፍሲው ይተኛል።
4. ኮይሉን ከስልኩ ጀርባ ላይ አስጠግታችሁ ትሪመሩን በስቴኪኒ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። የብረት ዊንዲቨር አትጠቀሙ፤ ብረቱ ራሱ ልኩን ይቀይረዋል። የስቴኪኒውን ጫፍ በምላጭ ጠፍጠፍ ካደረጋችሁት ስንጥቁ ውስጥ ልክ ይገባል።
5. ስልኩ ሲያገኘው አፕ ውስጥ ወደ ሬጅስተሮቹ ግቡ። ኢኤች-ሞድ የሚለውን ከ1 ወደ 0 ቀይሩ። የይለፍ ቁጥር ሲጠይቃችሁ ከፋብሪካው የመጣው 16 ዜሮ ነው።
6. ስልኩን አርቁና መልሳችሁ አስጠጉ። በእግር 1 እና በእግር 4 መካከል ቮልት ለኩ።

5ኛውን የዘለለ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ዜሮ ቮልት ይለካል። ቺፑ ከፋብሪካ ሲወጣ ኃይል የሚያወጣው ሲጠየቅ ብቻ ነው። ዜሮ ሲሆን ግን መስክ ባገኘ ቁጥር በራሱ ያወጣል።

*ስልኩ ጨርሶ ካላገኘው፦* ኮይሉን በስልኩ ጀርባ ላይ እያንሸራተታችሁ ፈልጉ። የብዙ አንድሮይድ ስልኮች አንቴና ካሜራው አካባቢ ነው። ከቨሩን አውልቁ፤ በተለይ ማግኔት ወይም ብረት ያለበት ከሆነ። አሁንም እምቢ ካለ የእግር 2 እና የእግር 3 ብየዳን እንደገና አሙቁ። መብራት ሄዶ ካውያው እየበረደ የተበየደ መገጣጠሚያ ደብዝዞ ይታያል፤ እንዲህ ያለውን አትመኑት።

ደረጃ 5፦ ክንድ ላይ አስተካክሉ

ሙሉ ሥራው እዚህ ላይ ነው። አትቸኩሉ።

ገላ ውኃና ጨው ነው። ኮይሉ ሲጠጋው ፒኮፋራዶች ይጨመራሉ፣ ልኩ ወደ ታች ይወርዳል። ጠረጴዛ ላይ 13.56 የነበረው ክንድ ላይ ሌላ ይሆናል። ስለዚህ ማስተካከያው ኮይሉ በሚኖርበት ቦታ ይደረግ።

ስልክ ለዚህ ሥራ አይመችም። ቺፑን ሲያጣ መስኩን ያበራል ያጠፋል፤ ቴስተሩም አብሮ ይዘላል። የማያቋርጥ መስክ የሚሰጠው አርሲ522 ነው። ልብ በሉ፦ ይህ ቦርድ ኤስቲ25ዲቪን ማንበብ አይችልም፤ ቋንቋቸው ይለያያል። «አላነበበልኝም» ብላችሁ እንዳትጥሉት። እኛ የምንፈልገው መስኩን ብቻ ነው።

1. አርሲ522ን ከአርዱዊኖው ጋር አገናኙ። ኃይሉን ከ3.3 ቮልት ስጡት። 5 ቮልት ላይ እንዳትሰኩት፤ ቦርዱ የተሠራው ለ3.3 ነው።
2. ላይብረሪውን የሚያስነሳውን መስመር ብቻ አስቀሩ። ካርድ የሚፈልገውን ክፍል አጥፉት። መስኩ ሳይቋረጥ ይቆያል።
3. በእግር 1 እና በእግር 4 መካከል 10 ኪሎኦም ሬዚስተር አድርጉ። ባዶውን አትለኩ። ጭነት የሌለበት ቮልት በሰፊ ቦታ ላይ ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ጫፉ (ቮልቱ ከሁሉ የሚበልጥበት ቦታ) የት እንደሆነ አያሳይም።
4. 2 ሚሊሜትር ስፖንጅ አንጓችሁ ላይ አድርጉ፣ ኮይሉን በላዩ አስተኙ፣ በላስቲክ እሰሩ። ኮይሉ ገላችሁን በቀጥታ አይንካ።
5. አርሲ522ን ከኮይሉ በላይ 1.5 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ያዙ። በመካከል ስፖንጅ ደራርቡበት፤ በእጅ ከያዛችሁት ርቀቱ ይለዋወጣል። ከዚህ በጣም ካስጠጋችሁት ሁለቱ ኮይሎች አንዱ የሌላውን ልክ ያዛባሉ።
6. ትሪመሩን በስቴኪኒ አንድ ሙሉ ዙር ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ቮልቱን እያያችሁ።

አሁን ቁጥሩን አትዩት፤ ጫፎቹን ቁጠሩ። ትሪመር በአንድ ሙሉ ዙር ውስጥ ከትንሽ ወደ ትልቅ ሄዶ ወደ ትንሽ ይመለሳል። ስለዚህ ልኩ ትክክል ከሆነ ቮልቱ ሁለት ጊዜ ከፍ ማለት አለበት።

- ሁለት ጫፍ ካያችሁ ጨርሳችኋል። አንዱ ላይ አቁሙ።
- አንድ ጫፍ ብቻ ካያችሁና እሱም የትሪመሩ ሳህኖች ከተለያዩበት ቦታ ከሆነ፣ ኮይሉ በዝቷል። አንድ ዙር ፍቱ።
- አንድ ጫፍ ብቻ ካያችሁና ሳህኖቹ ሙሉ በሙሉ ከተደራረቡበት ከሆነ፣ ኮይሉ አንሷል። አንድ ዙር ጨምሩ።
- ምንም ካልተነሳ ወደ ደረጃ 4 ተመለሱ፤ ኢኤች-ሞድ 0 መሆኑን አፑ ውስጥ እዩ።

ጫፉን ስታገኙ እጃችሁን አርቁና ደግማችሁ እዩት። ስቴኪኒውን የያዘው ጣት ራሱ ይቆጠራልና።

ቀጥሎ 10 ኪሎኦሙን አውጡና 3.3 ኪሎኦሙን አስገቡ። አፑን ከፍታችሁ ስልኩን ክንዳችሁ ላይ አሳርፉ። ቺፑ ከተገኘ በኋላ ቢያንስ 2.2 ቮልት ካልቆመ ወደሚቀጥለው ደረጃ አትሂዱ። በመጨረሻ ሬዚስተሩን አውጥታችሁ ባዶውን አንዴ ለኩ። ከ5.5 ቮልት በላይ ካለ ኤቲታይኒውን አታገናኙ፤ እሱ የሚችለው እስከዚያ ነው።

ትሪመሩን በአንድ ጠብታ የጥፍር ቀለም ቆልፉት። ሲደርቅ ደግማችሁ ለኩ።

ደረጃ 6፦ ሁሉንም አገናኙ

- የኤስቲ25ዲቪ እግር 1 (ኃይል መውጫ) ወደ ራሱ እግር 8 እና ወደ ኤቲታይኒ እግር 8።
- የኤስቲ25ዲቪ እግር 4 ወደ ኤቲታይኒ እግር 4፤ ግራውንድ ነው።
- የኤስቲ25ዲቪ እግር 5 ወደ ኤቲታይኒ እግር 5፤ ዳታ።
- የኤስቲ25ዲቪ እግር 6 ወደ ኤቲታይኒ እግር 7፤ ክሎክ።
- ከዳታውና ከክሎኩ ወደ ኃይሉ አንድ አንድ 10 ኪሎኦም። አርዱዊኖ ላይ የለመዳችሁትን 4.7 አታድርጉ፤ ኃይሉን በከንቱ ይበላል።
- ከኤቲታይኒ እግር 2 በ10 ኪሎኦም ወደ እግር 3። ከእግር 3 በቴርሚስተሩ ወደ ግራውንድ።
- በኃይሉና በግራውንዱ መካከል 10 ማይክሮፋራድና 100 ናኖፋራድ፣ ለቺፖቹ በጣም ቀርበው።

የኤስቲ25ዲቪው እግር 7 ባዶ ይቅር።

ኃይሉ የተስተካከለ ቮልት አይደለም። ስልኩ ሲጠጋ ይጨምራል፣ ሲርቅ ይቀንሳል። ሬጉሌተር ያላደረግነው ስለማያስፈልግ ነው። ቴርሚስተሩና መለኪያው አንድ ቮልት ላይ ስለተንጠለጠሉ፣ ቮልቱ ቢወዛወዝም ሬሾው አይለወጥም። ኮዱ ውስጥ የመለኪያውን ማጣቀሻ ቮልት «ቪሲሲ» (የራሱ የቺፑ ኃይል) ማለትን ብቻ አትርሱ።

ካፓሲተሩን አታሳድጉ። «ትልቅ ባደርገው ብዙ ያጠራቅማል» የሚለው ሐሳብ እዚህ ጠላት ነው። በ1 ሚሊአምፒር 10 ማይክሮፋራድ 3 ቮልት ለመድረስ 30 ሚሊሰከንድ ይበቃዋል። 1000 ማይክሮፋራድ 3 ሰከንድ ይፈልጋል። እስከዚያ ቺፑን ጎትቶ ያወርደዋል፣ ስልኩም ጠፋብኝ ብሎ መስኩን ያጠፋል፣ እንደገና ከዜሮ።

ደረጃ 7፦ አልብሱት

ቴርሚስተሩ ብቻ ወደ ገላ ይውጣ። በላዩ ስፖንጅ ይሁን። የጎንደር የጠዋት ብርድ ከላይ ከነካው የአየሩን ሙቀት ነው የምትለኩት። ብየዳ ገላ እንዳይነካ ሁሉንም በጥፍር ቀለም ሁለት ጊዜ ቀቡ፤ ብየዳው ውስጥ እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሊኖር ይችላል። የቴርሚስተሩን እግሮችም አትርሱ። ላብ በመካከላቸው ከገባ ቁጥሩ ይዋሻል።

ማሰሪያው ላይ የብረት ዘለበት ከኮይሉ ርቆ ከአንጓው በታች ይዋል። የብር አምባር ወይም የብረት ሰዓት በዚያው እጅ አይደረግ። ብረቱ ውስጥ ጅረት ይነሳና መስኩን ይበላዋል። መለኪያውን አንገት ላይ ለማድረግ ያሰባችሁም አላችሁ፤ የብር መስቀል ካለ ተመሳሳይ ችግር ነው።

የልብ ምት ማስተካከያ የተተከለለት ሰው ላይ አትሞክሩት። በዚህ ተነስታችሁም ሰው ትኩሳት አለው የለውም አትበሉ። የአንጓ ገላ ሙቀት የሰውነት ውስጥ ሙቀት አይደለም።

ደረጃ 8፦ አንብቡ

ስልኩን አሳርፉና ቢያንስ 3 ሰከንድ ያዙ። አፑ ላይ ብሎክ 8ን አንብቡ። የሚጠበቁት ቁጥሮች፦

- 25 ዲግሪ ላይ 512 አካባቢ
- 33 ዲግሪ ላይ 424 አካባቢ
- 37 ዲግሪ ላይ 383 አካባቢ

የተመቸው ሰው አንጓ 33 ዲግሪ አካባቢ ነው። አፑ የሚያሳየው በሄክስ ስለሆነ በስልኩ ካልኩሌተር ቀይሩት።

ሲበላሽ

*የቀድሞው ቁጥር ነው የሚመጣው።* ስልኩ ሲነካ ወዲያው ያነባል፤ ኤቲታይኒው ገና አልተነሳም። ተራ ቁጥሩን ያስቀመጥነው ለዚህ ነው። ደግማችሁ አንብቡ፤ ተራ ቁጥሩ ካልጨመረ ልኬቱን አትቀበሉ።

*ቁጥሩ 1023 ነው።* ቴርሚስተሩ ተቆርጧል ወይም ብየዳው ለቋል። 0 ከሆነ ተገናኝቷል፤ ወይም እግር 2 አልበራም።

*ተራ ቁጥሩ ጨርሶ አይንቀሳቀስም።* ኮዱ አንድ ባይት አድራሻ እየላከ እንደሆነ እዩ። ቀጥሎ ስልኩን ከላዩ ሳታነሱ የእግር 8ን ቮልት ለኩ። ከ1.8 በታች እየወረደ የሚነሳ ከሆነ ጭነቱ በዝቷል፦ ፍጥነቱ 1 ሜጋኸርዝ ነው? ካፓሲተሩ 10 ብቻ ነው? ቴርሚስተሩ ከእግር 2 ነው ወይስ በቀጥታ ከኃይሉ ተሰክቷል?

*ስልኩ «ማንበብ አልተቻለም» ይላል፣ ቆይቶ ያነባል።* ኤቲታይኒው እየጻፈ ሳለ ስልኩ መጥቷል። አንድ ብሎክ መጻፍ 5 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይወስዳል። ኮዱ ቶሎ ጽፎ ቶሎ ይተኛ፤ በሉፕ ያለማቋረጥ የሚጽፍ ኮድ ስልኩን በር ላይ ያስቀረዋል።

*ጠረጴዛ ላይ ይሠራል፣ ክንድ ላይ ይሞታል።* ደረጃ 5ን ጠረጴዛ ላይ ሠርታችሁታል። መልሳችሁ ክንድ ላይ ሥሩት። የጥፍር ቀለሙን በአሴቶን ብታስለቅቁት ትሪመሩ ይፈታል።

*በአንዱ ሰው ክንድ ይሠራል፣ በሌላው አይሠራም።* ስፖንጁ ቀጥኗል። 3 ሚሊሜትር አድርጉትና በቀጭኑና በወፍራሙ ክንድ መካከል ያለውን ልክ ፈልጉ። ለሁለቱም ጥሩ የሆነ ልክ ለአንዱ ምርጥ ከሆነው ይሻላል።

*ሐምሌ ላይ እምቢ አለ።* ስፖንጁ ውኃ ጠጥቷል። የረጠበ ስፖንጅ እንደ ገላ ይቆጠራል። ቀዳዳው የተዘጋውን ዓይነት፣ ለምሳሌ የነጠላ ጫማ ሶል የሚሠራበትን ቀጭን ፎም ተጠቀሙ።

*በአንድ ስልክ ይሠራል፣ በሌላው የለም።* አንዳንዱ ስልክ መስኩ ደካማ ነው፤ አንዳንዱ አንቴናው ሌላ ቦታ ነው። መጀመሪያ ቦታውን ፈልጉ። አይፎን ላይ ላይኛው ጠርዝ ነው፤ ለዚህ ዓይነት ቺፕ ከአይፎን 7 ወዲህ ያለና አይኦኤስ 13 ወይም ከዚያ በላይ የጫነ መሆን አለበት።

*ከላይ ያለው ሁሉ ተሞክሮ ካልሆነ፦* የኤስቲ25ዲቪውን እግር 1 ከቀሪው ሰርኪዩት ለዩትና 3.3 ኪሎኦሙን መልሱበት። ቮልቱ ከተመለሰ ጥፋቱ ከኤቲታይኒው ወገን ነው። ካልተመለሰ ከኮይሉ ወገን ነው፤ ሁለተኛውን ቺፕ ከመበየዳችሁ በፊት ኮይሉን ፈታችሁ የጫፎቹን ቫርኒሽ እንደገና ፋቁ።